በአባቴ ስም የሰጠሁት መልስ

ባለፈው ቅዳሜ ከባለቤቴ ከሄለን ጋር ቡራዩ ሄደን የሚሸጥ አፓርታማ አየን። ሕንፃው ገና አላለቀም። ደረጃው መደገፊያ አልተገጠመለትም፤ ግድግዳው እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። የሚያሳየን ደላላ ፈጣን ወጣት ነው፤ እኛ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ ስንሰበስብ እሱ ከላይ ሆኖ «ኑ እንጂ፣ እዚህ ያለው አየር ሌላ ነው!» ይለናል። በመጨረሻ «ስንተኛውን ፎቅ ልያዝላችሁ?» ብሎ ጠየቀን። ሄለን ወደ እኔ ዞረች። ቀላል ጥያቄ ነበር። እኔ ግን «እናስብበት» ብዬ ቀድሜ ወረድኩ።

እዚያው ቡራዩ ታላቅ እህቴ አልማዝ ስለምትኖር ለምሳ ጎራ አልን። ሰኔ ገብቶ ስለነበር ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው እርስ በርስ ለመሰማማት እንጮሃለን። አልማዝ ሽሮዋን ከነድስቱ እየተንተከተከ አቀረበችና የመጣንበትን ስትሰማ እጇን ከእንጀራው ላይ አነሳች።

«ምድር ቤት ካለው ዓይናችሁን ሳታሹ ያዙ። እንደ አባባ ግትር እንዳትሆኑ። ምድር ቤት እንለዋወጥ ተብሎ እምቢ ብሎ አይደል አራተኛ ፎቅ ላይ ታስሮ የሞተው!»

ትንሿ ልጇ «አያታችን ለምን እምቢ አለ?» አለች።

«እንጃለት። ከፍ ያለ ቦታ ወደድኩ ነው ያለው» አለች አልማዝ።

እኔ አንገቴን ደፍቼ በላሁ። ያንን ምድር ቤት እምቢ ያለው አባባ አልነበረም። ይህን የሚያውቅ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ራሱ አባባ ነው።

አባቴ ሙላቱ ይባላል። ሰበታ ከተማ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማሽን ፊት ቆሞ ሠርቷል። ማሽኑ ጆሮውን ወሰደለት፤ ሲሚንቶው ወለል ጉልበቱን ወሰደለት። ከገበያው ጀርባ በተከራየነው ባለ አንድ ክፍል ጭቃ ቤት ውስጥ እናታችን ሞተች፤ አልማዝ ከዚያው ተድራ ወደ ቡራዩ ሄደች። እኔና አባባ ብቻችንን ቀረን። አልጋዬ ከመጋረጃ ጀርባ ነበር። መጽሐፍ ሳነብ የአባባ ማንኮራፋት፣ የጎረቤት ራዲዮ፣ የጅማ መንገድ ከባድ መኪናዎች ጥሩንባ ሁሉም እዚያች መጋረጃ ውስጥ ይገባ ነበር።

ሃያ ዓመት ሲሆነኝ ለአባባ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣለት። ባለ አንድ መኝታ፣ አራተኛ ፎቅ። ሕንፃዎቹ የቆሙት ከከተማው ወጣ ብሎ ጤፍ ይዘራበት የነበረ ሜዳ ላይ ነው። ያኔ ገና አጥር አልነበረውም፤ ጠዋት ስንነሳ በብሎኮቹ መካከል በሬዎች ሲግጡ እናያለን። አባባ ወረቀቱን አይቶ ሳቀ።

«አራተኛ ፎቅ! እግዜር ቤት ሲሰጥ ጉልበቴን ረስቶታል» አለኝ። ቀጥሎም፣ «ምድር ቤት የደረሰው ሰው አግኝቼ ብለዋወጥ እንዴት በወደድኩ» አለ። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ለማለት ብችል ዛሬ ይቀለኝ ነበር።

ቁልፍ ተረክበን ገባን። አባባ «አንተ ተማሪ ነህ» ብሎ መኝታ ቤቱን ለእኔ ለቀቀልኝ፤ እሱ ሳሎን ውስጥ አልጋውን ዘረጋ። ያንን ክፍል እንዴት እንደወደድኩት መናገር ይከብደኛል። መስኮቱን ስከፍተው ወጨጫ ተራራ ከነደመናው ፊቴ ይቆማል። ከሥሬ የሰው ጣሪያ፣ የሰው ጓሮ፣ የሰው ልብስ ማስጫ። አዲስ አበባ አብረውኝ የሚማሩትን ልጆች በአየር ጤና ታክሲ አሳፍሬ አምጥቼ በረንዳው ላይ አቁሜያቸዋለሁ። እንደ እኔ ከመጋረጃ ጀርባ ያደገ ሰው ከፍ ብሎ መቆም ምን እንደሚያደርገው ያውቃል። ከላይ ሆነው ሲያዩት ድህነት የሌላ ሰው ይመስላል።

ከገባን ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። አባባ እንደ ልማዱ ከወዳጁ ከኦቦ ቶሎሳ ጋር ዳማ ሊጫወት ወርዷል። በሩ ላይ የቆሙት ከምድር ቤት የሚኖሩት አዴ ጫልቱ ነበሩ፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ በትምህርት ቤት ጽዳት የሚተዳደሩ፣ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ያለቻቸው ሴት። ደረጃውን ስለወጡ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ትንሽ አረፉ።

«አባትህ የሉም፣ ልጄ?»

«ወጣ ብሏል። ይግቡ።»

«አልገባም። አንድ ነገር እንድታደርስልኝ ነው። ልጄ አስም አለባት። የእኛ መስኮት ደግሞ ኮሚናሉ ፊት ለፊት ነው።» ኮሚናል የምንለው ነዋሪው በጋራ በግ የሚያርድበትን፣ ለድግስና ለለቅሶ በእንጨት የሚያበስልበትን ቤት ነው። «እንጨት በነደደ ቁጥር ታፍናብኛለች። አባትህን ደግሞ ደረጃው ሲከብዳቸው አያለሁ። ጠይቄያለሁ፤ የመጨረሻው ውል በወሩ መጨረሻ እስኪፈረም ድረስ መለዋወጥ ይቻላል ብለውኛል። እሳቸው ወደ እኔ ቢወርዱ፣ እኔ ወደዚህ ብወጣ ለሁለታችንም ይበጃል። ትነግርልኛለህ?»

«እነግረዋለሁ።»

«አደራ፣ ልጄ።»

አባባ አመሻሽ ላይ ሲመጣ በየመታጠፊያው እየቆመ ሲወጣ ድምፁ ይሰማኝ ነበር። ገብቶ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ጉልበቱን በሁለት እጁ ያሸዋል። ያኔ ብነግረው ተነስቶ እየጨፈረ ይወርድ ነበር። እኔ ግን የማስበው ስለ ምድር ቤቱ መስኮት ነው። የበግ ቆዳ፣ ጭስ፣ በመስኮት አንገቱን እያስገባ የሚያልፍ ሰው። ጓደኞቼን የት አስቀምጣቸዋለሁ ብዬ አስባለሁ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በነጋታውም እንዲሁ አልኩ። በሦስተኛው ቀን አዴ ጫልቱን ደረጃው ሥር አገኘኋቸው።

«ነገርካቸው?»

«ነግሬው ነበር» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ምንም አልከበደኝም። «አልፈልግም አለ። ከፍ ያለ ቦታ ነው የምወደው አለ።»

ፊታቸው ተለወጠ። «እንዲህ አሉ? ስለ ልጅቷም ነግረሃቸው?»

«ነግሬዋለሁ።»

«ይሁን። ቤታቸው ነው» ብለው ገቡ።

ወሩ አለቀ፤ ውሉ ተፈረመ። አዴ ጫልቱ ልጃቸውን ሱሉልታ አያቷ ዘንድ ላኳት፤ እዚያ አየሩ ንጹሕ ነው ብለው። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ቅዳሜ ጠዋት ፌስታል ይዘው ሊያይዋት ሲሄዱ ከመስኮቴ አያቸዋለሁ። ከአባባ ጋር ሲገናኙ ሰላምታቸው አንገት ከመነቅነቅ አያልፍም። አባባ ይህ ያስጨንቀው ነበር።

«ይቺ ሴትዮ ምን በድያት ነው የምትሸሸኝ?» ይለኛል።

«ፀባይዋ ነው» እላለሁ።

ለሠራሁት ሥራ የመጀመሪያውን ቅጣት ያመጣው ውሃ ነበር። ግፊቱ አራተኛ ፎቅ አይደርስም። ጠዋት ወደ ትምህርት ከመሄዴ በፊት ሁለት ጄሪካን፣ ማታ ስመለስ ሁለት ጄሪካን ከምድር እሸከማለሁ። ስልሳ አራት ደረጃ ነው። ሁላችንም የላይኞቹ ነዋሪዎች እየተንጠባጠብን ስለምንወጣ ደረጃው ሁልጊዜ እርጥብ ነው። በሁለተኛው ዓመት ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ አባባ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም ሲወርድ ሦስተኛው ፎቅ ላይ አዳልጦት ወደቀ። እኔ ኮሌጅ ነበርኩ። ዳሌው ተሰበረ። ሆስፒታል ሰንብቶ ሲወጣ አራት ሰው በብርድ ልብስ ተሸክሞ ወደ ላይ አወጣው። አልጋው ላይ ሲያጋድሙት፣ «አሁን ደግሞ ማን ያወርደኛል?» ብሎ ቀለደ። ማንም አላወረደውም። አጥንቱ በደንብ አልገጠመም፤ በምርኩዝ ከአልጋው እስከ በረንዳው ከመሄድ አላለፈም።

ሦስት ዓመት እንዲያ ኖረ። መጀመሪያ ላይ ኦቦ ቶሎሳ የዳማውን ቆርኪ በኪሱ ይዞ ይወጣ ነበር። ኦቦ ቶሎሳ ሜዳው የእርሻ መሬት በነበረበት ጊዜ ከሚያርሱት አንዱ ነው፤ ላሞች ስላሉት ወተት ይሸጣል። ቀስ በቀስ የእሱም ጉልበት እምቢ አለና ከታች ሆኖ መጣራት ጀመረ።

«ኦቦ ሙላቱ! አካም ጅርታ?»

«ፈያ! አንተስ?» ይላል አባባ የበረንዳውን ብረት ይዞ።

«ገዲ ኮቱ!» ና ውረድ ማለቱ ነው።

«አንተ ኦል ኮቱ!» አንተ ና ውጣ ማለቱ ነው። ሁለቱም ይስቃሉ። የአባባ ጆሮ ደካማ ስለሆነ ሦስት አራት ጊዜ ይጯጯሁና ሲደክማቸው እጅ አውለብልበው ይለያያሉ። ያን ጊዜ እኔ መኝታ ቤቴ ውስጥ ነኝ። መስኮቱን መክፈት ትቼ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት መጋቢት ላይ ኦቦ ቶሎሳ በድንገት ሞተ። አባባ ሲነግሩት ብዙ አላለቀሰም። ጋቢውን ለብሶ፣ ኮፍያውን አድርጎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«አውርዱኝ። ቶሎሳን ልቅበረው» አለ።

ከብሎካችን ሦስት ጎረምሶች ጠርቼ አራት ሆንን። ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ አስቀምጠን በነጠላ አሰርነው። እስከ ሦስተኛው ፎቅ ደህና ወረድን። መታጠፊያው ላይ ግን ደረጃው ጠባብ ነው፤ ወንበሩ ሲዘነበል ክብደቱ ሁሉ በተሰበረው ዳሌው ላይ ሆነ። አባቴ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን የሕንፃው ሰው ሁሉ በሩን ከፍቶ ወጣ። እንደገና ሞከርን፤ እንደገና ጮኸ። ላቡ ከኮፍያው ሥር ይወርዳል።

«በቃ፣ መልሱኝ» አለ።

መለስነው። በረንዳው ላይ አስቀምጡኝ ስላለ አስቀመጥነው። የኦቦ ቶሎሳ አስከሬን በሜዳው በኩል ሲያልፍ ኮፍያውን አውልቆ ከላይ ሆኖ አየ። ሰልፉ ከብሎኮቹ ጀርባ እስኪሰወር ድረስ መልሶ አላደረገውም።

አዴ ጫልቱ የመጡት በነጋታው ከሰዓት ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ደረጃውን ሲወጡ ይህ ሁለተኛቸው ነበር። በትንሽ ሰሃን ጨጨብሳ ሸፍነው ይዘዋል። አባባ ከአልጋው ሊነሳ ሞከረ።

«በሞቴ፣ አይነሱ!» አሉት። «ትናንት ድምፅዎን ሰምቼ አንጀቴ አልችል አለ። እግዚአብሔር ያጽናዎ።»

እኔ ሻይ ልጥድ ወደ ማብሰያው ገባሁ። በሩ ክፍት ነው፤ ሁሉም ይታየኛል። ስለ ኦቦ ቶሎሳ አወሩ፤ ስለ ልጃቸው አባባ ጠየቀ፤ ሱሉልታ እንደምትማር፣ እዚያ ደህና እንደሆነች፣ ግን እናቷን እየረሳች እንደሆነ ነገሩት። ከዚያ አዴ ጫልቱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልበል። ቂም ይዤብዎት ኖሬያለሁ። ያኔ ቤቱን እንለዋወጥ ብዬ በልጅዎ ስልክብዎ እሺ ብለውኝ ቢሆን እኔም ከልጄ አልለይም፣ እርስዎም ትናንት ወዳጅዎን በቀበሩ ነበር። ከፍ ያለ ቦታ እወዳለሁ ብለዋል ሲለኝ ልቤ በጣም አዘነ።»

ክብሪቱን ጭሬ በእጄ እንደያዝኩ ቀረሁ፤ ጣቴን ሲያቃጥለኝ ጣልኩት። አባባ መጀመሪያ የሰማ አልመሰለኝም። ጆሮው ነው ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረና በክፍቱ በር በኩል አየኝ። ቁጣ አልነበረም። የማያውቀውን ሰው ማን እንደሆነ ለመለየት የሚሞክር ሰው አስተያየት ነበር። ለምን ያህል ጊዜ እንዳየኝ አላውቅም። እኔ ዓይኔን ወደ ማንቆርቆሪያው መለስኩ።

«አዎ» አለ አባባ። «እውነትዎን ነው። እንዲያ ብያለሁ።»

አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን ሰበሰቡ።

«ሞኝነት ነው። ከፍታ አማረኝ። የልጅዎን ነገር ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብኩም። በደልኩዎት። ይቅር ይበሉኝ።»

«ኧረ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን!» ብለው ተነስተው ትከሻውን ሳሙት፤ አለቀሱም። እኔ ሻይ አቀረብኩ። አባባ ብርጭቆውን ሲቀበለኝ «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ፤ ለእንግዳ እንደሚባለው። ከዚያ በፊት ለእኔ እንዲያ ብሎ አያውቅም።

በዚያው ሳምንት እሑድ አልማዝ ከቡራዩ መጣች። አዴ ጫልቱን ደረጃው ላይ አግኝታ ነገሩን ሰምታለች፤ ገና ሳትቀመጥ ጮኸች።

«አባባ! ምድር ቤት መጥቶልህ እምቢ አልክ? በገዛ እጅህ?»

«እምቢ አልኩ» አለ።

«ለምን?»

«ከፍ ያለ ቦታ ወደድኩ» አለ። እኔ በሐሰት የሰጠሁትን ቃል አንድም ሳይለውጥ። አልማዝ እኔን አይታ «አንተስ ዝም ብለህ አየኸው?» አለችኝ። አባባ ቀድሞኝ «ልጁን ተዪው፤ እሱ ምን ያድርግ» አለ።

አንድ ቀን ልናዘዝ ሞክሬያለሁ። ሰኔ ነበር፤ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ከወጨጫ የሚወርደውን ዝናብ ያያል። አጠገቡ ቁጢጥ አልኩና፣ «አባባ፣ ያ የቤቱ ነገር...» ብዬ ጀመርኩ።

«ውሃ ቀድተሃል?» አለኝ።

«አዎ።»

«ሳይመሽ ጨምር። ነገ ትጠፋለች ብለዋል።»

ጄሪካኑን ይዤ ወረድኩ። እውነቱን ልናገር፣ ስላቋረጠኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

በጥቅምት ሞተ። ሬሳ ሳጥኑ በመታጠፊያው አላልፍ ስላለ ቀጥ አድርገው አቁመው ነው ያዞሩት። አዴ ጫልቱ ከፊት ከፊት እየወረዱ «ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ» ይሉ ነበር፤ እንዳያመው የፈሩ ይመስል።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አራት ዓመት አልፏል። ቤቱን ሸጥነው፤ አዴ ጫልቱም ልጃቸው ዘንድ ሄደው እዚያው አረፉ ሲባል ሰምቻለሁ። አባባ ለምን እንዲያ እንዳደረገ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። አንዳንዴ ሸፍኖኝ ነው እላለሁ፤ በሰው ፊት ልጁን ሊያዋርድ አልፈለገም። አንዳንዴ ደግሞ ቀጥቶኝ ነው እላለሁ። ቢሰድበኝ፣ ቢረግመኝ፣ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እለምነው ነበር። እሱ ግን ጥፋቱን ከእጄ ነጥቆ የራሱ አደረገው፤ ይቅርታውንም ራሱ ለመነበት። ለእኔ የተረፈኝ ነገር የለም፤ ከዚህ ዝምታ በቀር።

ቅዳሜ ዕለት ከአልማዝ ቤት ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ለሄለን ነገርኳት። አሥር ዓመት አብረን ስንኖር ለመጀመሪያ ጊዜ። መስኮቱ በትንፋሽ ጭጋግ ለብሷል፤ ረዳቱ ሒሳብ ይላል። እሷ እስክጨርስ ድረስ አላቋረጠችኝም። ታጽናናኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር መሰለኝ።

«ይህን ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?» አለችኝ። «እኔ አባትህን አላውቃቸውም። ለልጆቿ አያታችሁ ግትር ነበር እያለች ለምታሳድጋቸው ለአልማዝ ንገራት እንጂ።»

«ነገ ሄጄ እነግራታለሁ» አልኳት።

እሑድ አለፈ። ዝናብ ነበር አልኩ፤ መንገዱ ጭቃ ነው አልኩ። አልማዝ ማምሻውን ደውላ ስለ ቤቱ ምን ወሰናችሁ አለችኝ። ምድር ቤቱን ያዝን አልኳት።

«ጎበዝ!» አለች። «አንተ እንኳ ከአባባ ተማርክ።»

«አዎ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።